የሃምፌስት ገበያ፦ አሮጌ የአማተር ሬዲዮ እንዴት ይሸጣል፣ እንዴት ይገዛል

አማተር ሬዲዮ ማለት ሰዎች ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብለው፣ ገንዘብ ሳያገኙበት፣ ለፍላጎታቸውና ለመማማር ሲሉ በአየር ሞገድ የሚገናኙበት ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም እነዚህ ሰዎች «ሃም» ይባላሉ፤ ለመተያየትና ለመገበያየት የሚሰበሰቡበት ዝግጅት ደግሞ «ሃምፌስት»። በዝግጅቱ ላይ ንግግር ይደረጋል፣ የፈቃድ ፈተና ይሰጣል፣ ኩባንያዎች አዲስ ምርታቸውን ያሳያሉ። ሕዝቡ የሚተራመሰው ግን ሜዳው ላይ ነው። እዚያ ሻጮች የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍተው፣ ሠላሳም አምሳም ሰባም ዓመት የሞላቸውን ሬዲዮዎች በታጣፊ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ።

ይህን ገበያ ልዩ የሚያደርገው ዕቃው ሳይሞከር መሸጡ ነው። ሜዳው ላይ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ የለም፤ አንቴናም የለም። ቢኖርም እንኳ ብዙ ዓመት ተኝቶ የኖረን ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ሶኬት ላይ መሰካት የሚጎዳ እንጂ የሚፈትን አይደለም። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ባየው፣ ባሸተተውና በተነገረው ላይ ተመርኩዞ ነው። የሃምፌስት ልማድ አብዛኛው ከዚህ ችግር የተወለደ ይመስለኛል።

በአሜሪካ ሃምፌስትን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው የየአካባቢው የሬዲዮ ክበቦች ናቸው። ከመግቢያ ትኬትና ከጠረጴዛ ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ የክበቡን ወጪ ይሸፍናል። ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1914 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመሠረቱት የአገሪቱ አማተሮች ማኅበር፣ የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌይ ሊግም፣ ለብዙዎቹ ዝግጅቶች ዕውቅና ይሰጣል። ከሁሉ ስመ ጥሩ በኦሃዮ ግዛት የዴይተን አማተር ሬዲዮ ማኅበር የሚያዘጋጀው «ሃምቬንሽን» ነው። በ1952 በአንድ ሆቴል ውስጥ ተጀመረ፤ ከ1964 እስከ 2016 በሃራ አሬና ተካሄደ፤ አዳራሹ ሲዘጋ ከ2017 ጀምሮ ወደ ዚኒያ ከተማ፣ ወደ ግሪን ካውንቲ የትርዒት ሜዳ ተዛወረ። በግንቦት ወር ለሦስት ቀን ሲከፈት ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ሰው የሚገኝበት ዓመት አለ። በጀርመን በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ያለችው ፍሪድሪሽስሃፈን፣ በጃፓን ደግሞ ቶኪዮ ታላላቅ ዝግጅቶችን ያስተናግዳሉ። እንግሊዞች ዝግጅቱን «ራሊ» ይሉታል፤ ሻጩ ዕቃውን ለአዘጋጆቹ አስረክቦ እነርሱ ጥቂት ኮሚሽን ይዘው የሚሸጡለትም ጠረጴዛ አላቸው። መከራከር ለማይወድ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሜዳው ላይ ያለው ዕቃ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሃሊክራፍተርስ፣ ሃማርሉንድና ናሽናል የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች በቫኩም ቲዩብ (አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ) የሚሠሩ ጥሩ ጥሩ መቀበያዎችን ይሠሩ ነበር። በጦርነቱ ዘመን አማተሮች ከአየር ታገዱ፤ መመለስ የጀመሩት በ1945 መጨረሻ ነው። ሲመለሱ ጦሩ የማይፈልገው የሬዲዮ ተራራ ጠበቃቸው። ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን የወጣው ቢሲ-348 መቀበያና የኤአርሲ-5 ትናንሽ ማሰራጫዎች በርካሽ ዋጋ ተቸበቸቡ። የሚሠሩት በአውሮፕላን ባትሪ ስለነበር ወጣቶች ቆርጠው፣ በስተው፣ አዲስ ትራንስፎርመር ጨምረው ለቤት ኤሌክትሪክ አመቻቿቸው። ዛሬ በጣም የሚፈለገው ግን ማንም ያልነካው ነው። ያኔ በብልሃት የተሠራው ቀዳዳ ሁሉ አሁን ዋጋ ይቀንሳል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ድምፅ የሚተላለፍበት ዘዴ ከቀድሞው ኤኤም ጠባብ የሞገድ ቦታ ወደሚይዘው ነጠላ ጎን ባንድ ሲሸጋገር የዕቃውም ዓይነት ተለወጠ። አርተር ኮሊንስ በሴዳር ራፒድስ፣ አዮዋ የመሠረቱት ኩባንያ በ1958 ኤስ-ላይን የተባለውን የሬዲዮዎች ቤተሰብ አወጣ፤ ለብዙ አማተር የማይደረስበት ሕልም የሆነው እርሱ ነው። ኦሃዮ የነበረው ድሬክ ቀለል ያለና ርካሽ ዕቃ ሠራ፤ ከሚኔሶታ የጆንሰን «ቫይኪንግ» ማሰራጫዎች መጡ። ሂዝኪት ደግሞ ከቤንተን ሃርበር፣ ሚሺጋን እስከ 1992 ድረስ ክፍሎቹን በካርቶን ይሸጥ ነበር፤ ገዢው መመሪያውን እያነበበ ራሱ ይበይዳል። ሂዝኪት የሚገዛ ሰው ከኩባንያው ይልቅ የበያጁን እጅ ይገዛል፤ አንዱ ሻንሲ (ክፍሎቹ የሚታሰሩበት ብረት) እንደ ፋብሪካ ሥራ ንጹሕ ሲሆን ሌላው በቆርቆሮ ጠብታ የተዥጎረጎረ ነው። በ1970ዎቹ ያኤሱና ኬንውድ ከጃፓን መጥተው ትራንዚስተርንና ቲዩብን ያጣመሩ ሬዲዮዎችን ሲያሰራጩ የአሜሪካ ባለ ቲዩብ ዘመን እያከተመ ሄደ።

ይህ ሁሉ ብረት ከባድ ነው። አማተሮቹ ራሳቸው «የጀልባ መልሕቅ» ብለው ይቀልዱበታል፤ ከውሃ ውስጥ ጥለውት ጀልባ ያቆማል እንደ ማለት። ለአሜሪካ ጦር ኮሊንስ የነደፈው አር-390ኤ መቀበያ ብቻውን 38 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውስጡ የሰዓት ሠሪ ሥራ የመሰለ የጥርስ ጎማ ጥልፍልፍ ነው፤ ማዞሪያውን ሲነኩት ቁጥሮቹ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይገለባበጣሉ። ኮሊንስ ብቻ ሳይሆን ሞቶሮላና ሌሎችም በኮንትራት ስለ ሠሩት ሰብሳቢዎች የፋብሪካውን ሰሌዳ ሳያነቡ አይገዙትም።

ዋጋ የሚወሰነው በዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሙሉነት ነው። የ1935ቱ ናሽናል ኤችአርኦ ግሩም ምሳሌ ነው፤ ይህ መቀበያ የሞገድ ክልል የሚቀይረው ከፊቱ በሚሳቡና በሚገቡ የጥቅል ሽቦ መሳቢያዎች ነው። መሳቢያዎቹ የጠፉበት ኤችአርኦ የሚያምር ሣጥን ነው እንጂ ሬዲዮ አይደለም፤ መሳቢያዎቹን ብቻ ይዞ የሚዞር ሻጭም አይጠፋም፤ ሁለቱ ሜዳው ላይ ከተገናኙ ደስታው የሠርግ ያህል ነው። የኃይል ሣጥኑ፣ ድምፅ ማጉያው፣ የመጀመሪያው ማይክሮፎን፣ በተለይም የመመሪያ መጽሐፉ ተጨማሪ ዋጋ አላቸው። በኮሊንስ ኤስ-ላይን ላይ ደግሞ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ትንሽ አርማ ራሱ ክርክር ያስነሳል፤ ቀደምቶቹ ባለ ክንፍ፣ ኋለኞቹ ባለ ክብ ናቸው፤ ብዙ ሰብሳቢዎች ለክቡ የበለጠ ይከፍላሉ። ከዚህ ሁሉ ውጪ የሆነው ትዝታ ነው። በአሜሪካ ከ1951 ጀምሮ ለጀማሪዎች የ«ኖቪስ» ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ በ75 ዋት ጣሪያና በክሪስታል በተወሰነ ሞገድ፣ በሞርስ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚልከው ኮድ) ይጀምሩ ነበር። ያ ልጅ አሁን ሽማግሌ ሆኖ፣ ያኔ በመስኮት ያየውንና ያልገዛውን ሬዲዮ ሲያገኝ የሚከፍለውን ገንዘብ በሌላ ስሌት ማስረዳት አይቻልም።

ዕቃ ማብራት ካልተቻለ ምን ይታያል? ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ ያሸታል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ዓመታት ቢያልፉም ጠረኑ አይለቅም፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ከክፍሎቹ ሁሉ ለመተካት አስቸጋሪው ነው። ቀጥሎ ክዳኑን ያስከፍታል። አቧራ ምንም አይደለም፤ ዝገትና የአይጥ ጎጆ ግን ችግር ናቸው። የአይጥ ሽንት አሉሚኒየሙን እየበላ ይሄዳል። የጎደለ ቲዩብ ይቆጥራል፤ 6146 የተባለው የኃይል ቲዩብ እንደ ልብ ሲገኝ ለቴሌቪዥን ተብለው የተሠሩት እንደ 6ጄኤስ6ሲ ያሉት ግን ውድ ሆነዋል፤ ያኤሱ ኤፍቲ-101 የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነርሱ ነው። ማዞሪያዎቹን ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ቅባቱ ደርቆ የተጣበቀን ዳያል በጉልበት የሚታገል ሰው ከሻጩ ቁጣ ይደርስበታል። ፊት ለፊት የተበሳ ትርፍ ቀዳዳ ካለም ጣቱን ያስገባበታል፤ ይህ የድርድር መክፈቻ ነው።

ከዚያ ወሬው ይጀመራል። የሃምፌስት ቋንቋ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። «ባለፈው ስጠቀምበት ይሠራ ነበር» የሚለው ሐረግ ያ «ባለፈው» መቼ እንደሆነ እስካልተጠየቀ ድረስ ውሸት አይደለም። «አልሞከርኩትም» ሲባል አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንዳንዴ ግን ሞክሮት ጭስ አይቷል ማለት ነው። «ትንሽ ጥገና የሚያስፈልገው» የተባለ ዕቃ የሚፈልገው ጥገና ከተባለው በላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ አታላይነቱ ከሌላ ገበያ ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሻጩ የጥሪ ምልክቱን በባርኔጣው ወይም በደረቱ ላይ ጽፎ ይዞራል። ስሙ በመንግሥት መዝገብ ያለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በአየር ላይ የሚገኝ ሰው የተበላሸን ዕቃ «ደኅና ነው» ብሎ ሸጦ መደበቂያ የለውም።

ሰዓቱም ዋጋ ነው። ሻጮች ገና ሳይነጋ ሲገቡ ሌሎች ሻጮች ባትሪ መብራት ይዘው በየመኪናው ይዞራሉ፤ ምርጡ ዕቃ ለሕዝብ በሩ ሳይከፈት እጅ ይለውጣል። ከቀትር በኋላ፣ በተለይ በመጨረሻው ቀን፣ ነገሩ ይገለበጣል። አር-390ኤን ዳግም ተሸክሞ መኪና ላይ የመጫን ሐሳብ የሻጩን ልብ ያለሰልሰዋል። ጠዋት የወደደውን የሚገዛ ዕቃውን ያገኛል፤ ማታ የሚገዛ ዋጋውን ያገኛል። ድርድሩ አጭር ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ይመረጣል፤ የጠየቁትን ዋጋ ሻጩ እሺ ካለ በኋላ እንደገና ማሳነስ ነውር ነው።

ከዕቃዎቹ መካከል ያለ ባለቤት የመጡም አሉ። አንድ አማተር ሲሞት ጓደኞቹ «ዝም ያለ መምቻ» ይሉታል፤ የሞርስ መምቻው ዝም አለ ማለታቸው ነው። ምድር ቤት ሙሉ ሬዲዮ ለሚስትና ለልጆች ይቀራል፤ የትኛው ወርቅ የትኛው ቁርጥራጭ እንደሆነ አያውቁም። ደኅና ክበብ አባላቱን ልኮ ዕቃውን ይመዘግባል፣ ይለያል፣ በሃምፌስት ሸጦ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ያስረክባል። ማታ ማታ የሚመጣ «ረዳት» ምርጡን በትንሽ ገንዘብ ይዞ የሚሄድበት ጊዜም አለ፤ በአማተሮች ዘንድ ከዚህ የከፋ ስም የሚያሰጥ ሥራ የለም። አስተዋዮቹ በሕይወት እያሉ በየሬዲዮው ጀርባ ምን እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ የጻፉበትን ወረቀት ይለጥፋሉ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ካገኛችሁ ሳትጠራጠሩ አንብቡት፤ የተቀየረው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል።

በአሜሪካ አሮጌ ማሰራጫ ለመግዛትና ለማስቀመጥ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለማሰራጨት ግን ግድ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ያለው ትዕግሥት ከገበያው ይበልጣል። የወረቀትና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች በዕድሜ ይበላሻሉ፤ ጠጋኞች ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ ወይም አምፖል በተከታታይ አገናኝተው ይሞክራሉ፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቆየ ውስጥ መገናኘት የሌለበት ነገር ተገናኝቷል ማለት ነው። ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38ን የመሰሉ ትራንስፎርመር የሌላቸው ርካሽ መቀበያዎች ሻንሲያቸው በቀጥታ ከቤት ኤሌክትሪክ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነኩም። የኃይል ማጉያዎች ውስጥ ደግሞ ከ2,000 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሊገድሉ ይችላሉ። የአንዳንድ የጦር ዕቃዎች ዳያልና መለኪያ ጨረር በሚያወጣ ራዲየም የተቀባ ስለሆነ አይፋቅም፣ አይከፈትም።

በ1995 ኢቤይ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ከተከፈተ ወዲህ የሃምፌስት ዘመን አበቃ የሚል ወሬ በየዓመቱ ይሰማል። ኢንተርኔቱ በእርግጥ ዋጋን አደባባይ አውጥቶታል፤ ሳያውቅ ርካሽ የሚሸጥ ሰው እየጠፋ ነው። ነገር ግን 38 ኪሎ ሬዲዮን በካርቶን አሽጎ በፖስታ የላከ ሰው ውጤቱን ያውቃል፤ የተሰበረ ዳያል፣ ከሻንሲው የተገነጠለ ትራንስፎርመር። ከባዱ ዕቃ አሁንም በመኪና መጥቶ በመኪና ይሄዳል።

የመጨረሻው ቀን ሲመሽ ጠረጴዛዎቹ ይታጠፋሉ። ያልተሸጠው ሁሉ አይጫንም፤ «ነጻ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን በየረድፉ ጫፍ ይቀራል። በውስጡ የተጠላለፈ ገመድ፣ ወዴት እንደሚገጥም ያልታወቀ ማዞሪያ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ቲዩብ አለ። ቲዩብ መፈተሻ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ይመርጣል።