የጥንታዊት ግብፅ መዛግብትና የመዝገብ አያያዝ

የጥንታዊት ግብፅ መንግሥት ግብር የሚሰበስበው፣ ቀለብ የሚሰፍረውና በመሬት ክርክር የሚፈርደው በጸሐፊዎቹ መዝገብ ነበር። የዋና ዋና ከተሞቹ መዝገብ ቤቶች የነበሩበት የዓባይ ሸለቆ እርጥበት የሚጻፍበትን ፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራውን ወረቀት) አብስብሶታል፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ አሠራሩ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በደረቁ የበረሃ ዳርቻ ከተረፈው የተገኘ ነው።

ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ ቀደምት የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል-ጃርፍ ተገኝተዋል። በእነዚህ ላይ መረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ፣ ለኩፉ ፒራሚድ ከቱራ የኖራ ድንጋይ ጭኖ በጀልባ ወደ ጊዛ ሲመላለስ የዋለበትንና ያደረበትን ቦታ ቀን በቀን አስፍሯል። በአቡሲር በንጉሥ ነፈርኢርካሬ ቤተ መቅደስ የተገኙት መዛግብት ደግሞ በቀይና በጥቁር ቀለም ተሰምረው የካህናቱን ተራ፣ የገባውን ቀለብና የንዋያቱን ቆጠራ ይዘዋል፤ ዕቃው ተሰንጥቆ ወይም ተጠግኖ ከሆነ ያም ሳይቀር ተጽፏል።

መዝገብ በክርክር ጊዜ የነበረውን ጉልበት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በሳቃራ በሞሴ መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የመሬት ሙግት ነው። ንጉሥ አህሞሴ ነሺ ለተባለ የመርከብ አለቃ የሰጠው መሬት ለዘሮቹ ሲወርድ ቆይቶ በመካከላቸው ጠብ አስነሣ፤ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የሞሴ እናት ኑብኖፍረት መሬቱ የእኔ ነው ከሚለው ከኻይ ጋር ስትሟገት፣ የግምጃ ቤቱና የጎተራው መዝገብ ይታይልኝ ብላ ጠየቀች። መዝገቡ ተገልጦ ሲታይ ግን ስሟ አልተገኘም፣ ተረታችም። ልጇ ሞሴ ካደገ በኋላ መዝገቡ ተበርዟል ሲል ክሱን እንደገና አነሣ፤ አባቱ መሬቱን ሲያርስና ግብሩን ሲከፍል ያዩ የአገር ሰዎችንም አስመሰከረ። የጽሑፉ መጨረሻ ጠፍቷል፤ ሆኖም ሙግቱን በመቃብሩ ላይ ማስቀረጹ እንደረታ የሚያመለክት ነው። እንደ እኔ እይታ የዚህ ሙግት ትልቁ ቁም ነገር፣ በማኅተም የታሸገ የመንግሥት መዝገብ እንኳ በባላገር ምስክርነት ሊሞገት መቻሉ ነው።

ለዕለት ጉዳይ ፓፒረስ ውድ ስለነበር ጸሐፊዎች በገልና በድንጋይ ስባሪ ይጽፉ ነበር። በዴር ኤል-መዲና መንደር እየኖሩ የነገሥታትን መቃብር ይፈለፍሉ የነበሩ ሠራተኞች የቀሩባቸው ቀናት ከተመዘገቡባቸው ስባሪዎች አንዱ፣ በዳግማዊ ራምሴስ 40ኛ ዓመት የተጻፈው፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ጸሐፊው የሠራተኛውን ስምና የቀረበትን ቀን በጥቁር ቀለም ከጻፈ በኋላ ምክንያቱን ከላዩ በቀይ ያስገባል፦ አንዱን ጊንጥ ነድፎታል፣ ሌላው ዓይኑን ታሟል፣ ሌላው ቢራ ሲጠምቅ ውሏል፣ አንዱም የሞተ ዘመዱን ሲያስገንዝ ቀርቷል።