ቶንሲል ሁሉ አሞክሳሲሊን ይፈልጋል ወይ?

"ልጄን ቶንሲል አሟታል አሞክሳሲሊን ልጀምርላት?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ አንዴ ላስረዳ። ቶንሲል ሁላችንም ጉሮሮ ውስጥ ግራና ቀኝ ያለ ነገር ነው፣ የሚያመን ሲቆጣ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስቆጣው ቫይረስ ነው፣ ቫይረስን እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት) ምንም አያደርገውም፣ ባብዛኛው በሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ ግን መታከም አለበት፣ ምክንያቱም ዝም ከተባለ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ ሊያሳብጥና የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል፣ እኛ አገር ስንቱ ወጣት በዚህ ምክንያት የልብ ታማሚ ሆኗል።

ለምሳሌ አንዷ ልጅ ጉሮሮዋን እያመማት ያስላታል፣ ንፍጥ አላት፣ ድምጿም ጎርንኗል፣ ይሄ ወደ ቫይረስ ያደላል። የ8 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ሳል የለውም፣ ድንገት አተኮሰው፣ መዋጥ አቃተው፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጣ፣ እሱ ቶሎ ይታይ። በምልክት ብቻ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ ነው የሚለየው።

መድኃኒቱ እንደ ሐኪሙ ይለያያል፣ አንዴ የሚወጋ ፔኒሲሊን ወይም ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሳሲሊን ሊሆን ይችላል። የ10 ቀን ከታዘዘ በ3ኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ እንዳታቆሙ! ቶንሲልን በቀዶ ሕክምና ማስወጣትም ለሁሉም አይደለም፣ በየዓመቱ እየተመላለሰ ላስቸገረው ነው የሚታሰበው።

እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ቶንሲልን አያድንም። ልጃችሁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት።