የእንቅልፍ ኪኒን የሚያስረሳው የትኛውን ነው?

ሀዋሳ ውስጥ ፈተና ሲደርስ አንዳንድ ተማሪ ቀን ቡና ይደጋግማል፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ ከጓደኛ ያገኘውን ዳያዜፓም የሚባል የእንቅልፍ ኪኒን ይውጣል። "ያጠናሁትን ያጠፋብኝ ይሆን?" የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል።

አያጠፋም። ቀድሞ በደንብ የተያዘ ነገር ባለበት ይቆያል። ጣጣው ከዋጡ በኋላ ነው። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ጋባ የሚባለውን አንጎል የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ያጎላሉ። አዲስ ትዝታ የሚመዘግበው ሂፖካምፐስም አብሮ ይፈዛል። ሰውዬው ያወራል፣ ይመልሳል፣ ደብተር ይገልጣል፤ ሲነጋ ግን ምንም የለም። ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቶ ሆድ ዕቃን ለማየት፣ የዳያዜፓም ዘመድ የሆነው ሚዳዞላም የሚሰጠው በከፊል ለዚሁ ነው። ታካሚው "አፍህን ክፈት" ሲባል ይከፍታል፤ በኋላ ግን ቱቦው መግባቱን እንኳ ላያስታውስ ይችላል።

ደግሞ ዳያዜፓም ቶሎ አይወጣም። ግማሹ ከደም እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ማታ የዋጠ ልጅ ጠዋት ፈተናው ላይ ቢፈዝ አይገርምም። ከቢራ ጋርማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ትንፋሽ ያዳክማል።

በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ይህን አንብቦ በድንገት እንዳያቆም። በድንገት ማቆም እንደ የሚጥል በሽታ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስለት።