አትሸጥ፣ አትታረድ፦ ስለተጣሉ አህዮች የምንሰማውና እውነታው

ባሕር ዳር ማታ አምሽቶ የሚገባ ሰው ያውቃቸዋል። ጀርባቸው የተላጠ፣ ኮቴያቸው የተንጋደደ፣ ቆሻሻ ገንዳ ሥር የሚያድሩ አህዮች። አንዳንዴ የጋሪ ፈረስ ወይም በቅሎ ይቀላቀላቸዋል። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ገዢ ያጡ፣ ወይም ባለቤታቸው «በቃ፣ አበቃላት» ብሎ መንገድ ላይ የተዋቸው ናቸው።

በሬ ሲያረጅ ቄራ ይጠብቀዋል፤ እስከ መጨረሻው ቀን ዋጋ አለው። አህያ ሥጋዋ አይበላም። ስለዚህ ጉልበቷ ባለቀ ቀን ዋጋዋም አብሮ ያልቃል። ባለጋሪውን «አባባ፣ ለምን ለቀቋት?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ «ልጄ፣ ጭድ በዚህ ዋጋ እየገዛሁ የማትሠራ አህያ ልቀልብ?» ሰውዬው ጨካኝ ስለሆነ አይመስለኝም። ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚያናግረው።

እነዚህን እንስሳት አንስተን እናኑር የሚሉ ቅን ሰዎችም አሉ። የእነሱም ሐሳብ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከሁለቱም ወገን የሚሰማውን አንድ በአንድ እንየው።

«አርጅታለች፣ ከእንግዲህ አትረባም»

ገበያ ላይ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርስ ነው። ደላላው ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ የፊት ጥርሷን ያያል። ከዚያ መዳፉን ጀርባዋ ላይ ያሳልፋል። በመጨረሻ ከኋላ ገፋ አድርጎ አረማመዷን ይመለከታል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገጣባዋ እንዳይታይ ድሪቶ ጣል ያደርግባታል። በጠራራ ፀሐይ ድሪቶ የለበሰች አህያ ካያችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

በደንብ የተያዘች አህያ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። እኛ ጋ «አሮጊት» ተብላ የምትጣለው ግን ብዙ ጊዜ 15 ዓመት እንኳን አልሞላትም። ያስረጃት ጭነቱ ነው። የአገራችን አህያ ክብደቷ ከአንድ ኩንታል ብዙም አይበልጥም። በጀርባ የሚመከረው ጭነት የክብደቷ ሲሶ ገደማ ነው፤ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ማለት ነው። አንዱ ግን ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ጭኖባት ይነዳል። የራሷን ክብደት ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፣ ከዚያ «ደከመች» ትባላለች!

ክሳቷም ሁልጊዜ የእርጅና አይደለም። የአህያ መንጋጋ ጥርስ ለብዙ ዓመት ማደጉን አያቆምም። ጠርዙ ሲሾል ጉንጯንና ምላሷን ይቆርጣታል። ያኔ ጭድ አፏ ውስጥ ታንከባልልና በከፊል አኝካ ትተፋዋለች። ሐኪም ጥርሷን ሲሞርድላት፣ የትል መድኃኒት ስታገኝና ጥቂት ወራት ስታርፍ፣ አበቃላት የተባለችው አህያ እንደገና ሥጋ ትለብሳለች።

«ብትለቀቅ ሳሯን እየጋጠች ትኖራለች»

ጣና ዳር ሳር መቼ ጠፋ ይላል ሰው። ሳሩማ አለ፤ ግን ባለቤት አለው። ወይ ታጥሯል፣ ወይ ታርሷል፣ ወይ ከብት ሰፍሮበታል። የተለቀቀች አህያ የምትመለሰው ደግሞ ወደምታውቀው ቦታ ነው፤ ወደ ገበያው፣ ወደ ምግብ ቤቶቹ ጓሮ። እዚያ የአትክልት ትራፊ በፌስታል ተቋጥሮ ይጣላል። እሷም ከነፌስታሉ ትውጠዋለች። አህያ ማስመለስ አትችልም፤ የገባው ፌስታል አንጀቷን ይዘጋል። ከዚያ ሆዷን እየቆረጣት መሬት ላይ ስትንከባለል ታገኟታላችሁ።

ማታ ደግሞ መኪናና ባጃጅ አለ። ከዚያ ጅብ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ ባልም ባለቤትም የሌላትን አስቡት። ትግራይ ውስጥ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ምርምር የጅቦችን ኩስ መርምሮ ነበር። በዐቢይ ጾም እርድ ሲቆምና የሚጣለው ሥጋና አጥንት ሲቀንስ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ ከኩሱ ውስጥ በተገኘው ፀጉር ታወቀ። እኛ ስንጾም ጅብ አይጾምም። ስለዚህ አህያ በረት ማሳደር በጾም ወራት የበለጠ ያስፈልጋል።

«ገበያ ሄዶ ገዝቶ ማዳን ነው እንጂ!»

ይህ ከቅን ልብ የሚመጣ ስህተት ነው። የከፋውም እሱ ይመስለኛል።

ነገሩን በደላላው ዓይን እዩት። ትናንት ማንም ዞር ብሎ የማያያት ገጣባ አህያ ዛሬ በጥሬ ብር ተሸጠች። «ከተማ ውስጥ የወደቀ አህያ የሚገዙ ልጆች አሉ» የሚል ወሬ ገበያውን ለመዞር አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ከመሸንቲም ከሌላም በኩል አንካሳ እየተነዳ ይመጣላችኋል፤ ዋጋውም ከፍ ብሎ። ያ ባለጋሪ ደግሞ በሰጣችሁት ብር ላይ ጨምሮ ጤነኛ አህያ ይገዛል። እሷንም በዚያው ጋሪ፣ በዚያው ጭነት ይጨርሳታል። እናንተ አንዷን አውጥታችሁ በቦታዋ ሌላ ከተታችሁ ማለት ነው።

ሌላ አገርም ይኸው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የእንስሳት ጨረታ ላይ ማንም የማይፈልጋቸውን ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት የሚያነሱ ሰዎች ከዚሁ ክርክር አልወጡም። ገንዘብ ከከፈልክ ሻጩ ሌላ ያራባል፤ ካልከፈልክ ፊትህ ያለችው ትሞታለች። ቀላል መልስ የለውም። ለእኛ ገበያ ግን የሚያዋጣ መንገድ አለ።

ብር አትክፈሉ፤ ተቀበሉ። ሊለቃት የወሰነ ሰው ሸክሙ እንዲቀልለት ነው የሚፈልገው። «ከምትጥላት ለእኛ ስጠን» ሲባል ብዙው ሰው እሺ ይላል፣ ይመርቃችኋልም። ብር ካላችሁ ገና ለምትሠራው አህያ አውሉት፤ ለትል መድኃኒት፣ ለጥርስ መሞረድ፣ ከጭነቱ ሥር ለሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ። የአንዲት የወደቀች አህያ ዋጋ ለብዙ የሚሠሩ አህዮች ምንጣፍ ይሆናል። አህያዋ ሳትወድቅ ከደረሳችሁላት ባለጋሪውም እንጀራው አይቋረጥም፤ መንገድ ላይ የሚጥላትም አይኖርም።

«መንገድ ላይ ካገኘኋት ባለቤት የላትም»

ሊኖራት ይችላል። ሌሊት ገመድ በጥሳ የወጣች ልትሆን ትችላለች። ጠዋት ባለቤቷ መጥቶ «አህያዬን ሰረቁኝ» ቢል ክርክሩ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ሰፈሩን ጠይቁ። ጆሮዋ ላይ ቅድ፣ ጭኗ ላይ የተተኮሰ ምልክት ካለ ፎቶ አንሱ። ቀበሌ አሳውቁ። ባለቤቷ በገዛ ፈቃዱ ሲሰጣችሁም ምስክር ባለበት በወረቀት ይሁን።

«አህያ ሕመም አይሰማትም»

ይሰማታል፤ አታሳይም። ፈረስ ሲያመው ይንፈራገጣል፣ መሬት ይጭራል። አህያ ዝም ትላለች። ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ትቆማለች። እኛ ይህን «ጨዋነት» እንለዋለን። ግትርነት የምንለውም ከዚሁ ጎራ ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ አህያ ግን ቆም ብላ ታጤናለች። ዱላ ሲጨመርበት የበለጠ ትቆማለች፤ ምክንያቱም ፍርሃቷ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። በለዓምም አህያውን ሦስት ጊዜ የመታት እሱ ያላየውን መልአክ አይታ ስለቆመች ነበር።

ምግብ የተወች አህያ ግን አስቸኳይ ጉዳይ ናት። «ነገ ትበላለች» አይባልም። አህያ መብላት ስታቆም ሰውነቷ የራሱን ስብ ወደ ደም ይለቃል። ስቡ ሲበዛ ጉበትና ኩላሊቷን ይጎዳል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊገድላት ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

«የከሳች እህል ነው የሚያስፈልጋት»

ለረጅም ጊዜ የተራበች አህያ ፊት ገብስና ፍሩሽካ መቆለል ይገድላታል። መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ። ከዚያ ድርቆሽ ወይም ንጹሕ የጤፍ ጭድ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። የሻገተ ጭድ አይሰጥም። የጠላ አተላ ቤቱ ሁሉ አለ፣ ለእሷ ግን ለጊዜው ይቅርባት።

«ገጣባ በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ካልሆነም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል»

ብረቱ ቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል። የሞተር ዘይት ደግሞ ሥጋውን ይመርዛል፤ ዝንቡ የራቀ መስሎን ነው እንጂ። ውኃ አፍልታችሁ አብርዱ። ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩና በንጹሕ ጨርቅ እጠቡት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ከሸተተ የሐኪም ሥራ ነው፤ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋታል። ሌላው ሁሉ ግን ጭነቱ እዚያው ቦታ ላይ እየተመለሰ ከንቱ ነው። ገጣባ የሚድነው ጭነት ሲቆም ነው።

በነገራችን ላይ የጋሪ በቅሎና ፈረስ ስታነሱ እግራቸውንና ደረታቸውን ዳስሱ። እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ የወጣ፣ እየፈረጠ መግል የሚያወጣ እባጭ ካለ በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። አዲስ የመጣን እንስሳ ሁልጊዜ ለብቻው አቆዩ፤ ገመድና ምንጣፉም ለብቻው ይሁን።

«ከመጣል ለቆዳዋ ብትሸጥ አይሻልም?»

አንዳንዱ ይህን ሲል ብልህ የሆነ ይመስለዋል። የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ቻይና ውስጥ ኤጂያው ለሚባል መድኃኒት ይውላል፤ ፍላጎቱም ብዙ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ ላይ አህያ የሚያርድ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ ሕዝብ ስለተቃወመው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ኬንያ ቄራዎቹን ስትፈቅድ የአህያ ሌብነት በዛ፤ ድሃው ጤነኛ አህያውን በሌሊት ተነጠቀ። የካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳ ማረድ በአህጉሩ እንዲከለከል ወሰኑ። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። አህያ 12 ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው፤ በእርድ ፍጥነት አትተካም። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፣ ከ8 ሚሊዮን በላይ አሏት። እሱም ቢሆን ያልቃል።

«እርኩስ እንስሳ ናት፣ ምን አገባን?»

ሥጋዋ አይበላም፤ በዚህ ክርክር የለም። ግን ጌታ ሆሳዕና ዕለት የተቀመጠው በማን ላይ ነበር? ኦሪት ዘጸአትም የሚጠላህ ሰው አህያ እንኳን ከጭነቷ በታች ወድቃ ብታያት አልፈህ አትሂድ፣ እርዳት ይላል።

«ውሻ እንጂ አህያ አታብድም»

ታብዳለች። የውሻ እብደት አጥቢ እንስሳን ሁሉ ይይዛል። ለሃጯን የምታዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ሳይታሰብ የምትናከስ አህያ ካጋጠመቻችሁ «ጉሮሮዋ ላይ አጥንት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ። ይህን የሚያደርጉት የሚወዷት ሰዎች ናቸው፤ ለዚያ ነው አጥብቄ የምናገረው። ከነከሰቻችሁ ወይም ለሃጯ ቁስላችሁን ከነካ ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም።

«አንዷን ጓሮ ባስራት ይበቃታል»

አህያ ብቻዋን አትሆንም። ከጓደኛዋ የተለየች አህያ ምግብ እስከመተው ትደርሳለች፤ ምግብ መተው ምን እንደሚያመጣ ከላይ አይተናል። ገበያ ላይ ተጠጋግተው፣ አንዷ አንገቷን ሌላዋ ላይ ጥላ የቆሙ ካያችሁ አትለያዩአቸው፤ ሁለቱንም ተቀበሉ። ሁለት መቀለብ ካልቻላችሁ ሌላ አህያ ያለው ጎረቤት ጋ አስጠጓት። አንዱ ወንድ ከሆነ ግን አስቀድሞ ይኮላሽ። ሴት አህያ ከወለደች በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ከገበያ የመጣችው ራሷ እርጉዝ ልትሆን ስለምትችልም ለሐኪም አስመርምሯት።