«ስፖንጅ ጨምርበት!» እና ሌሎች ስለ ወንበር የሚባሉ ነገሮች

ለጓደኛዬ የልደት ስጦታ ወንበር እየሠራሁላት ነው። ወርክሾፕ የገባ ሁሉ አናጢ ሆኖ ምክር ይሰጠኛል።

«ስፖንጅ ከበዛ ይመቻል።» ይሄኛውስ ሰልችቶኛል። ደንበኛው ወገቤን አመመኝ ብሎ ይመጣል፤ መድኃኒቱንም ራሱ ያዛል፦ ወፍራም ስፖንጅ። ጌታዬ፣ ወንበር የሚመቸው በልኩ ነው! ገበያ ላይ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ከፍታው ብዙውን ጊዜ 45 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጓደኛዬ አጭር ናት። ጫማዋን አድርጋ ከወለሉ እስከ ቋንጃዋ ስለካት 40 ሆነ። 45ቱ ላይ ስትቀመጥ ተረከዟ መሬት አይነካም። ጠርዙ ጭኗን ከሥር ይጫነዋል፣ እግሯ ይደነዝዛል። ስፖንጅ ሲጨመርበት ደግሞ መቀመጫው ጭራሽ ከፍ ይላል።

ጥልቀቱም እንደዚያው ነው። ጀርባዋ መደገፊያውን ነክቶ ስትቀመጥ፣ በመቀመጫው ጠርዝና በባቷ መሀል ሦስት አራት ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ወደ ፊት ትንሸራተታለች፤ ወገቧ ያለ ድጋፍ ይቀራል። «ወገቤን» የሚያሰኘው አንዱ ይሄ ነው። መደገፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሉት፤ መቀመጫውንም ከኋላ በኩል አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ስጦታው ሰርፕራይዝ ከሆነና ሰውየውን መለካት ካልቻላችሁ፣ ቤቱ ሄዳችሁ ሁሌ ተሻምቶ የሚቀመጥበትን ወንበር ለኩ።

«ሚስማር ካልበዛ አይጠነክርም።» ሚስማር ሲበዛ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ሰው በተወዛወዘበት ቁጥርም ይላላል። የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ፣ እግሩ ላይ በመሮ በተፈለፈለው ቀዳዳ ጥብቅ ብሎ ከገባ ኮላ ይበቃዋል።

«ሦስት እግር ይነቃነቃል።» የጅማን በርጩማ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። ወጣ ገባ መሬት ላይ የሚነቃነቀው ባለ አራቱ ነው። ወደ ጎን ብዙ ከተጋደሉበት ግን ባለ ሦስቱ ይገለብጣል፣ እሱን አልክድም።

«ዋንዛ ከሆነ ችግር የለም፣ ቫርኒሽ ይይዘዋል።» ዋንዛም እርጥቡን ከተሠራ ጉድ ይሠራል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ያኔ ያ ጥብቅ ያለው ምላስ ቀዳዳው ውስጥ መጫወት ይጀምራል። ቫርኒሽ እርጥበቱ የሚወጣበትን ፍጥነት ቢቀንስ ነው እንጂ አያቆመውም። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ደርድራችሁ አድርቁት። ሳይደርቅ ልደቱ ከደረሰ ኬክ ግዙ።