«ትልቅ ሞተር ቢገጥሙበትስ?» እና ሌሎች ስለ ሱፐርሶኒክ (ከድምፅ የፈጠነ) በረራ የሚወሩ ስህተቶች

የአውሮፕላን ሞተር ጥገና አስተምራለሁ። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ ከድምፅ ፈጥኖ መንገደኞችን ያመላልስ ስለነበረው ኮንኮርድ አውሮፕላን ያነሳብኛል። ጥያቄውም ማብራሪያውም ጠያቂው ራሱ ጋ አለ፤ እኔ የምፈለገው ለማጽደቅ ብቻ ነው። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«አውሮፕላን ከድምፅ ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታ የሞተሩ ነው።» አይደለም። የአውሮፕላኑ አካል አየሩን ሲጨምቀው የሚፈጠር ሞገድ ነው። ጥይትም ሞተር ሳይኖረው ያጮኸዋል።

«ፕሮፔለርም ቢሆን በደንብ ከተሽከረከረ ከድምፅ ማለፍ ይችላል።» የፕሮፔለሩ ጫፍ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ የድምፅን ፍጥነት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ በጩኸት ያልቃል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1955 ኤክስኤፍ-84ኤች በተባለ አውሮፕላን ሞክረውታል። አውሮፕላኑ ድምፅን አልደረሰበትም። ጩኸቱ ግን መሬት ላይ ያሉትን ሠራተኞች ያሳምም ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

«የዛሬ ሞተሮች ከኮንኮርድ ሞተር ይበልጣሉ። ስለዚህ ቢፈልጉ ከድምፅ ያልፋሉ፤ የማይፈልጉት ለነዳጅ ብለው ነው።» ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ እውነት ነው። የቦይንግ 777 ጂኢ90-115ቢ ሞተር ሲነሳ 513 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይገፋል። የኮንኮርዱ ኦሊምፐስ 593 በአፍተርበርነር (ከሞተሩ ኋላ ተጨማሪ ነዳጅ በሚያቃጥል ክፍል) ታግዞም 169 ገደማ ነበር። የ777 ሁለት ሞተሮች የኮንኮርድን አራቱንም ያስከነዳሉ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ 777 የሚጓዘው በማክ 0.84 አካባቢ ነው፤ ማክ 1 የድምፅ ፍጥነት መሆኑን ልብ በሉ።

ሞተር የሚገፋው አየር ተቀብሎ፣ ከገባበት ፍጥነት አስበልጦ ወደ ኋላ በመወርወር ነው። የ777 ሞተር ብዙ አየር ይቀበልና ትንሽ ብቻ ያፈጥነዋል። ፋኑ፣ ማለትም ከፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ፣ ከዳር እስከ ዳር 3.25 ሜትር ነው። የሚያልፈው አየር አብዛኛው ወደ ማቃጠያው ሳይገባ በዙሪያው ይሄዳል። ነዳጅ የሚቆጥበውም በዚህ ነው። በማክ 2 ግን አየሩ ራሱ በሰከንድ 590 ሜትር ገደማ እየሮጠ ይመጣል። ፋኑ በዚያ ላይ የሚጨምረው ኢምንት ነው። መኪና ከኋላ ስትገፉ፣ መኪናው ከሩጫችሁ ከፈጠነ እጃችሁ አይደርስበትም፤ ጉልበታችሁ የፈለገውን ያህል ቢሆን። በዚያ ላይ ያ ሰፊ አፍ አየሩን ሲጋፈጥ የሚፈጥረው መጎተት አለ።

ቱርቦጄት፣ የኮንኮርድ ሞተር ዓይነት፣ ተቃራኒው ነው። ጠባብ ነው፤ የገባውን አየር በሙሉ በማቃጠያው አሳልፎ በጣም አፍጥኖ ይተፋዋል። መሬት ላይ አባካኝና ጯሂ ነው፤ በማክ 2 ግን ቦታው ነው። ተዋጊ አውሮፕላኖች መሃሉን ይይዛሉ፦ ፋን አላቸው፣ ግን ጠባብ። የኤፍ-22ቱ ሞተር ኤፍ119 እንዲህ ያለ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የሞተር ቁጥር ስታነቡ «ቆሞ የተለካ ነው ወይስ እየበረረ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጻፈው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መሬት ላይ ቆሞ የተለካው ነው። ሁለት ሞተር ስታወዳድሩም የፋኑን ስፋት አብራችሁ እዩ። ይህን ብቻ ብታደርጉ ግማሹ ክርክር ይቀራል።

«ያለ አፍተርበርነር ሱፐርሶኒክ የለም።» አንድ ተማሪዬ በዚህ ጉዳይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራክሮኛል። ማስረጃው ከኋላው እሳት የሚተፋ ተዋጊ አውሮፕላን ፎቶ ነበር። ፎቶው አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ የተነሳ ነው! ኮንኮርድ አፍተርበርነሩን የሚያበራው ሲነሳና ከማክ 0.95 እስከ 1.7 ሲያፈጥን ነበር። ከዚያ አጥፍቶት በማክ 2 ይጓዛል። ይህን ያልቻለው የሶቪየቶቹ የመንገደኞች አውሮፕላን የመጀመሪያው ቱ-144 ነው፤ ኤንኬ-144 የተባለው ቱርቦፋኑ (ፋን ያለው ሞተሩ) አፍተርበርነር ካልበራለት በማክ 2 አይጓዝም ነበር። ሶቪየቶች በኋላ ለቱ-144ዲ ቱርቦጄት ገጠሙለት።

«አየሩ ወደ ሞተሩ የሚገባው ከድምፅ ፈጥኖ ነው።» የኮምፕረሰር (በሞተሩ ውስጥ አየሩን የሚያምቀው ክፍል) ምላጭ እንዲህ ያለ አየር አይችልም። የአየር ማስገቢያው ቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ በኮንኮርድ ማክ 0.5 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ። አየሩ ሲዘገይ ይታመቃል፤ የታመቀው አየር የማስገቢያውን ግድግዳ ወደ ፊት ይገፋል። በማክ 2 ከኮንኮርድ የመግፋት ኃይል 63 በመቶ ያህሉ የሚመዘገበው እዚያ ላይ ነበር። ሞተር ሞተር የምትሉ ሰዎች፣ ስለ ማስገቢያው አንብቡ።

«ራምጄት የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለምን በሱ ብቻ አይበሩም?» አየሩን የሚያምቅለት የራሱ ፍጥነት ስለሆነ፣ ከቆመበት መነሳት አይችልም። የቅርብ ዘመዱ ስክራምጄትም (አየሩ በውስጡ ከድምፅ እንደፈጠነ ነዳጅ የሚያቃጥለው) እንደዚያው። ስክራምጄት የተገጠመለት የሙከራ አውሮፕላን ኤክስ-43ኤ እ.ኤ.አ. በ2004 ማክ 9.6 የደረሰው ቢ-52 ቦምብ ጣይ ተሸክሞ ካወጣው፣ ሮኬትም ገፍቶ ካፈጠነው በኋላ ነው። የራሱ ሞተር የሠራው ለ10 ሰከንድ ገደማ ነበር።