ልጅ ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት የሚሠራ ቤት፦ የሚባለውና እውነታው

ሐዋሳ ላይ የዝቅተኛ ገቢ ቤት ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ።

«እናትና ልጅ ሁለት ነፍስ ናቸው፤ ስቱዲዮ (መኝታው ያልተለየ ባለ አንድ ክፍል ቤት) ይበቃቸዋል።»
እስከ መቼ? ልጅ የምትይዝ እህት ከገጠር ትመጣለች፣ ወይ አያት ትጠቃለላለች። ወንዱ ልጅም ከፍ ሲል እናቱ ፊት ልብስ መቀየር ያፍራል። ትልቅ ቤት አልተባለም፤ ጠባብም ብትሆን በር ያላት ሁለተኛ ክፍል ትበቃለች።

«ቤት ማደሪያ ነው፤ ሥራዋን ውጭ ትሥራ።»
ብዙ ዲዛይን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ረዳት የሌላት እናት ከልጇ ሳትርቅ የምትሠራው እንጀራ መጋገር፣ ፀጉር መሥራት፣ ቡና ማፍላት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ሦስት ጎረቤታሞች ማለዳ አብረው ሲጥዱ በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ መስመር አይችለውም፤ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሊጡ እዚያው ይኮመጥጣል። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች የጋራ ማብሰያ ቤት የተሠራው እንዲህ ላለው ሥራ ነበር። ግን ሕፃን አራተኛ ፎቅ ላይ ትታ ጓሮ ወርዳ የምትጋግር ማን ናት? ግራውንዱ ደግሞ ለንግድ ተብሎ በጨረታ ይሸጣል፤ እሷ ከባለሀብት ጋር ተጫርታ አታሸንፍም።

«ለብቻቸው አንድ ብሎክ ይሰጣቸው።»
በቅንነት ነው የሚባለው። ሆኖም ብሎኩ በሳምንቱ ስም ይወጣለታል፣ ስሙም ልጆቹን ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጠናቀቀው ፍራወን ቬርክ ሽታት የተባለው የመኖሪያ ግቢ 357 ቤቶች አሉት፤ የነደፉት ሴት አርክቴክቶች ናቸው፣ የሚኖርበት ግን ሁሉም ዓይነት ቤተሰብ ነው። የሚለየው አሠራሩ ነው፦ የልጆች መጫወቻው ከቤት ሆኖ በመስኮት ይታያል፣ በየፎቁ የሕፃን ጋሪ ማስቀመጫ አለ፣ መዋዕለ ሕፃናቱም እዚያው ነው። ጋሪው ለእኛ ይቅር፣ አንቀልባ አለ። መስኮቱ ግን አይቅር።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው።»
የወጥ ቤት መስኮትን ከመንገድ ወደ ግቢ ማዞር፣ ገና ወረቀት ላይ እያለ፣ ስንት ብር ይጨምራል?

«ኮታ ካለ ይበቃል።»
በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተመድቦ ነበር። ዕጣ ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ መቻል ሌላ። ያልቻለችው ቤቱን አከራይታ ራሷ ሰርቪስ ቤት ትከራያለች።

«የሕፃናት መዋያ ካለ ሌላው ቀላል ነው።»
በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሰርቪስ የምትሳፈር እናት፣ ሁለት ተኩል የሚከፈት መዋያ ምን ይረባታል?